አሮጌ ተናጋሪ፣ አዲስ ሰሚ

ሰው አሮጌ ዕቃውን በአዲስ ሲለውጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው የሚያገኘውን እንጂ የሚለየውን አይደለም። ይህም የሚያስነቅፍ ነገር አይደለም፤ ኩራዝ በአምፑል፣ የሸክላ ማጫወቻ በቴፕ፣ ቴፕም ከእርሱ በሚሻል መሣሪያ ቢተካ ኑሮ ይቃለላል እንጂ አይከብድም። ነገር ግን አሮጌው ዕቃ ሲያገለግል ሳለ በውስጡ ያስቀመጥነው አንዳች ነገር ያለ እንደ ሆነ፣ ያን ነገር ወደ አዲሱ የሚያሻግር ድልድይ አስቀድሞ ካልተሠራለት፣ የተቀመጠው ሁሉ ሳይሞት ይቀበራል። ይህን ሐሳብ ከመጻሕፍት ሳይሆን ከራሳችን ቤት ስለ ተማርነው ለአንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን። ጉዳዩም ከአርባ ዓመት በፊት የተሠራን አንድ አነስተኛ ኮምፒዩተር በዛሬ ቴሌቪዥን ላይ ለማሳየት የተደረገ ድካም ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ አንዱን ገመድ ከሌላው ጋራ ማያያዝ ብቻ ይመስላልና።

ታላቅ ወንድማችን በእንግሊዝ አገር ሲማር ቆይቶ በ1977 ዓ.ም. ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ፣ ሌላው ተማሪ ልብስና ሬዲዮ ሲያመጣ፣ እርሱ በሻንጣው ይዞ የመጣው ከአንድ መጽሐፍ እምብዛም የማይበልጥ ጥቁር ኮምፒዩተር ነበር። ስሙ ዜድ ኤክስ ስፔክትረም ይባላል። የካምብሪጁ የሲንክሌር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ሲያወጣው ዋጋው ባለ 16 ኪሎባይቱ 125፣ ባለ 48 ኪሎባይቱ ደግሞ 175 ፓውንድ ነበር። ቁልፎቹ ከላስቲክ የተሠሩ ናቸው፤ በቀኝ ማዕዘኑም ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ያላቸው ሰረዞች ተሥለውበታል። ወንድማችን ቀን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሲያስተምር ይውልና ማታ ማታ በዚህ መሣሪያ ላይ ያመሽ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ሲለየን ኮምፒዩተሩ በካርቶን ተጠቅልሎ ቀረ። ከእርሱም ጋራ አንድ ባለ አራት ማዕዘን መሥመር ደብተርና ጥቂት ካሴቶች ነበሩ። ከካሴቶቹ በአንደኛው ላይ በራሱ እጅ «ፊደል፣ ከ1 እስከ 11» ተብሎ ተጽፎበታል።

የዚህን ጽሑፍ ትርጕም የፈታልን ደብተሩ ነው። ስፔክትረም ሲሠራ የላቲን ፊደል እንጂ የኛን ፊደል አያውቅም። ነገር ግን ሠሪዎቹ ባለቤቱ ራሱ ለሚሥላቸው 21 ምልክቶች የሚሆን ስፍራ ትተውለታል። እያንዳንዱም ምልክት በቁመት 8፣ በወርድ 8፣ በጠቅላላው 64 ነጥቦች ባሉት ሰንጠረዥ ይሣላል። ወንድማችን ይህን 21 የሚል ቁጥር ባየ ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣለት። ከሀ እስከ ፐ ያሉት 33 ቤቶች እያንዳንዳቸው ሰባት ሰባት ስለ ሆኑ፣ 21 ማለት በትክክል ሦስት ቤት ነው፤ ሠላሳ ሦስቱ ለሦስት ሲካፈሉ ደግሞ 11 ይሆናሉ። እንግዲህ መሣሪያው 231ዱን ፊደል በአንድ ጊዜ ሊይዝ ባይችል፣ በ11 ጊዜ ከፋፍሎ ሊያስተምር ይችላል ማለት ነው። በደብተሩ ላይ እያንዳንዱ ፊደል ነጥብ በነጥብ ተሥሏል። የጨ ቤት በስምንት ነጥብ ውስጥ አልገባ ብሎት ሦስት ጊዜ ደልዞ እንደ ሣለው ይታያል።

የዚህ ትምህርት የመጀመሪያ ተማሪ የነበሩት እናታችን ናቸው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ፊደል መቍጠር ጀምረው፣ በቤት ሥራ ብዛት ከመንገድ ቀርተው ነበርና፣ የቀረውን ያስጨረሳቸው ልጃቸው በዚህ መሣሪያ ነው። ዛሬ ዕድሜያቸው 86 ደርሷል። ባለፈው ዓመት ካርቶኑ ከቁም ሣጥን በላይ ሲወርድ አይተው፣ «ልጆቼ፣ ያን ፊደል ዐይኔ ሳለ አንድ ጊዜ አሳዩኝ» አሉን። የእናት ቃል የማያሠራው ሥራ የለምና ሥራውን ጀመርን።

ስፔክትረም የራሱ መስኮት የለውም። በዚያ ዘመን ለኮምፒዩተር ብቻ የተሠራ ማያ ውድ ስለ ነበር፣ ሠሪዎቹ በየቤቱ ባለው ቴሌቪዥን ለመጠቀም ቈረጡ። የብዙው ቴሌቪዥን ብቸኛ በር ደግሞ የአንቴናው ቀዳዳ ነበር። ስለዚህ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሞዱሌተር የሚባል ከቆርቆሮ የተሠራ ትንሽ ሣጥን ገባ። የሣጥኑ ሥራ ኮምፒዩተሩ ያዘጋጀውን ሥዕል በሬዲዮ ሞገድ ላይ ጭኖ በቻናል 36 ማስተላለፍ ነው። ቴሌቪዥኑ ሥዕሉ ከሩቅ ጣቢያ የመጣለት መስሎት ይቀበላል፤ ማሰራጫው አጠገቡ የተቀመጠ መሆኑን አያውቅም። ድምፁ ከኮምፒዩተሩ ከራሱ ሆድ ስለሚወጣ በሞገዱ ላይ ሥዕል እንጂ ድምፅ አይጫንም። ይህም ለወንድማችን ጠቀመው፤ የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሁለቱም ፓል የሚባለውን የቀለም ሥርዐት ቢከተሉም፣ ድምፁን ከሥዕሉ የሚያስቀምጡበት ርቀት ልዩ ልዩ ነበርና።

በዚያን ጊዜ የቤታችን ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ነበር። ስፔክትረም ግን ለዚህም የታሰበበት መሣሪያ ነው። ቀለሞቹ ከ0 እስከ 7 ቍጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ወይን ጠጅ፣ አረንጓዴ፣ ውሃ ሰማያዊ፣ ቢጫና ነጭ ናቸው። ቅደም ተከተሉ እንዲያው በዘፈቀደ የተደረገ አይደለም፤ ከጨለማ ወደ ብርሃን የሚወጣ መሰላል ነው። ባለ ቀለም ቴሌቪዥን የሌለው ሰው ቀለሙን ባያይ እንኳ፣ የጥላውን ደረጃ ለይቶ እንዲያይ ተብሎ የተደረገ ነው። ለድኻው ቤት እንዲህ አስቦ መሥራት የሚመሰገን ጥበብ ነው።

አርባ ዓመት የቆየን የኤሌክትሪክ ዕቃ አቧራውን አራግፎ ወዲያው ከኤሌክትሪክ ጋራ ማገናኘት አደጋ አለው። ስለዚህ በሠፈራችን ወደሚገኙ አንድ አረጋዊ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኝ ወሰድነው። እኒህ ሰው ወጣቶች ሁሉ ወደ ስልክ ጥገና ሲሄዱ የድሮውን ሙያ ይዘው የቀሩ ናቸው። አስቀድመው የኃይል ማቀበያውን በመለኪያ መረመሩ። ስፔክትረም የሚፈልገው 9 ቮልት ነው፤ ነገር ግን ከዛሬዎቹ ከብዙዎቹ በተቃራኒ የመሰኪያው መካከል ኔጌቲቭ፣ ዙሪያው ፖዘቲቭ ነው። ይህን ሳያይ በቅርብ ያገኘውን ማቀበያ የሚሰካ ሰው መሣሪያውን ሊያቃጥል ይችላል። ቀጥለውም በዕድሜ የደረቁትን ካፓሲተሮች ለወጡ። ይህ ከተፈጸመ በኋላ ኮምፒዩተሩን በሱቃቸው ከነበረ ከአንድ አሮጌ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ጋራ ቢያገናኙት፣ ነጩ መስኮት ተከፈተና ከግርጌው የሠሪው ስምና 1982 የሚለው ዓመት ታየ። ዕቃው ጤነኛ ነበር። ወደ ቤታችን ወስደን ከአዲሱ ቴሌቪዥን ጋራ ስናገናኘው ግን፣ በአናሎግ ፍለጋ ቻናል 36 ላይ አንድ የሚንቀጠቀጥ ጥላ ብቅ ይልና ተመልሶ ይጠፋል። አረጋዊው ይህን ሲሰሙ ፈገግ ብለው፣ «ወንድሜ፣ ይህ ዕቃ ዲዳ አልሆነም፤ ጎረቤቱ ነው የደነቈረው» አሉን።

መድኃኒቱንም ነገሩን። ሥዕሉ በሞገድ ላይ ተጭኖ እንደ ገና በቴሌቪዥኑ ውስጥ መውረዱ ሁለት ጊዜ ያደክመዋል፤ ማሰራጫውና ተቀባዩ ጎን ለጎን ከተቀመጡ የሬዲዮው መንገድ ምን ያደርጋል? ወደ ቆርቆሮው ሣጥን ከሚገቡት ሁለት ሽቦዎች አንዱ 5 ቮልት፣ ሁለተኛው በሞገድ ያልተጫነውን ንጹሕ ሥዕል ይዞ ይገባል። ጠጋኙ ከሣጥኑ ወደ ውጭ የሚወጣውን መሥመር ፈትተው፣ የሥዕሉን ሽቦ በ100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በኩል ከውጭኛው ሶኬት ጋራ በቀጥታ በየዱት። የፈቱትንም ሁሉ በወረቀት ሥለው ሰጡን፤ ወደ ፊት ማንም ሰው ወደ ነበረበት ሊመልሰው ይችላል ማለት ነው። አሮጌ ዕቃን የሚነካ ባለሙያ ሁሉ እንዲህ ያለ ጨዋነት ሊኖረው ይገባል።

አሁን ገመዱ በቴሌቪዥኑ ቢጫ ሶኬት ገባ። ሥዕሉ ለአንድ አፍታ ጠርቶ ታየና «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ተተካ። ይህ ለምን እንደ ሆነ ማስረዳት የነገሩ ሥር ስለ ሆነ አንባቢ ጥቂት ይታገሠን።

በፓል ሥርዐት የቴሌቪዥን ጣቢያ አንዱን ሥዕል በ625 መሥመር ይሥላል። ነገር ግን በአንድ ጊዜ አይልከውም፤ አስቀድሞ አንዱን እየዘለለ ግማሹን፣ ቀጥሎ የተዘለሉትን ይልካል። እያንዳንዱ ግማሽ ሥዕል እንግዲህ 312 መሥመር ተኩል ነው። ሁለተኛውን ግማሽ በፊተኛው መሥመሮች መካከል በትክክል የምታስገባው ያቺ ተኩል መሥመር ናት። ስፔክትረም ግን ተኩል የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሁልጊዜ ሙሉ 312 መሥመር በሰከንድ 50.08 ጊዜ ይልካል፤ ሥዕሉም በነበረበት ላይ ይደጋገማል እንጂ በመካከል አይገባም። ባለ ቱቦው ቴሌቪዥን መሥመር አይቈጥርም። «መሥመር ጀምር» ሲሉት ይጀምራል፤ «ወደ ላይ ተመለስ» ሲሉት ይመለሳል፤ የታዘዘውን ከመፈጸም በቀር ጥያቄ የለውም። አዲሱ ቴሌቪዥን ግን ብዙ የተማረ ነው። የመጣለትን በማስታወሻው ይይዛል፣ ይቈጥራል፣ በወርድ 1920 በቁመት 1080 ለሆኑት ነጥቦቹ ያከፋፍላል። የጎደለችውን ተኩል መሥመር ባጣ ጊዜ የሚያናግረው ሰው የለም ብሎ ይፈርዳል።

ከገበያ ገዝተን የሞከርነው አነስተኛ መቀየሪያ ቢጫውን ገመድ ተቀብሎ በኤች.ዲ.ኤም.አይ. ያወጣል። በእርሱ በኩል ሥዕሉ ቆሞ ታየ፤ ነገር ግን ሁለት ሙሉ ሥዕሎችን የአንድ ሥዕል ግማሾች አድርጎ ስለሚያዋሕዳቸው የጽሑፉ ጠርዝ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሰከንድ 50 ጊዜ የመጣውንም 60 ሊያደርገው ስለሚሞክር እንቅስቃሴው ያነክሳል። አስተርጓሚ ሁለት ዐይነት ነው፤ አንዱ የተነገረውን ሰምቶ ይናገራል፤ ሌላው ይነገራል ብሎ የጠበቀውን ይናገራል። ይህ መቀየሪያ ከሁለተኛው ወገን ነበር።

በዚህ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የወንድማችን ልጅ፣ «ጋሼ፣ ለምን ይህን ያህል ትደክማላችሁ? የካሴቱን ድምፅ በላፕቶፕ ቀድተን፣ ስፔክትረምን አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ብንከፍትለት ያነበዋል» አለችን። የተናገረችው እውነት ነው፤ ካሴቱንም በዚሁ መንገድ ቀድታ ለትውልድ እንዲቈይ በሁለት ቦታ አስቀመጠችልን። ነገር ግን አስመሳዩ ፕሮግራም የሚነግረን ካሴቱ ላይ ምን እንደ ተጻፈ ነው። በዚያ ላስቲክ ቁልፍ ላይ፣ በዚያ ዝግታ፣ በዚያ ድምፅ፣ ተማሪ ምን ያይ እንደ ነበር ግን የሚያሳየን መሣሪያው ራሱ ነው። የብራና መጽሐፍ ፎቶግራፍ ስለ ተነሣ ብራናው እንደማይጣል ሁሉ፣ ይህንም ከዚያ አስተያየት ብንመለከተው ሁለቱም እንደሚያስፈልጉ እናምናለን።

በመጨረሻ በውጭ አገር የሚኖር ዘመዳችን ለእንዲህ ያለ አሮጌ መሣሪያ ተብሎ የተሠራ መቀየሪያ ላከልን። የዚህኛው ብልኃት ትሕትናው ነው። ግማሽና ግማሽ ብሎ አያዋሕድም፤ የመጣለትን እያንዳንዱን መሥመር ሁለት ጊዜ ይደግመዋል። 312 መሥመር 624 ይሆናል፤ በሰከንድ 50.08 የነበረው ፍጥነትም እንደዚያው ይቀራል። ቴሌቪዥኑ ይህን የሚያውቀው ቋንቋ ሆኖ ስላገኘው ያለ ማመንታት ተቀበለ። ሥዕሉ መጀመሪያ ወደ ጎን ተለጥጦ ነበር፤ የዛሬ መስኮት 16 በ9፣ የድሮው ግን 4 በ3 ስለ ሆነ ፊደሉ ሁሉ በአንድ ሦስተኛ ይሰፋል። ይህን በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ወደ 4 በ3 መለስነው።

የቴፑን ራስ በአልኮል ጠርገን፣ ገመዱን በኮምፒዩተሩ የካሴት ቀዳዳ አስገባን። እናታችንም ወንበራቸውን አቅርበው ተቀመጡ። «ጄ» የሚለው ቁልፍ ሲነካ «ጫን» የሚለው የእንግሊዝኛ ትእዛዝ በሙሉ ተጻፈ፤ በስፔክትረም አንድ ቁልፍ አንድ ሙሉ ቃል ያወጣልና። ካሴቱ መጮኽ ሲጀምር በመስኮቱ ዙሪያ ቀይና ውሃ ሰማያዊ መሥመሮች፣ ከዚያም ቀጫጭን ሰማያዊና ቢጫ መሥመሮች ሮጡ። ጩኸቱ ሲያበቃ በነጭ ላይ በጥቁር የተጻፉ ሦስት ረድፎች ታዩ፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ እያንዳንዳቸው ከነሰባት ቤታቸው።

የፊደሎቹ ጠርዝ እንደ ሳሙና አረፋ ኅብረ ቀለም ነበረው። ይህም የሚሆነው በአንዱ ቢጫ ገመድ ውስጥ ብርሃኑና ቀለሙ አብረው ስለሚጓዙና ቴሌቪዥኑ ቀጭኑን የፊደል ሰረዝ ከቀለም ጋራ ስለሚያምታታው ነው። የቴሌቪዥኑን የቀለም መጠን ወደ ዜሮ ብናወርደው ኅብረ ቀለሙ ጠፍቶ ጥቁርና ነጩ ብቻ ጠርቶ ቀረ። እናታችን ወዲያው፣ «አሁን ሆነ፤ እንዲህ ነበር» አሉ። በእርግጥም ወንድማችን ይህን ሁሉ የሠራው በጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ነው። ከዚያም እናታችን ጣታቸውን ዘርግተው «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» እያሉ በዜማ ቈጠሩ። ለ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው፣ «የግራ እግሩን ሁልጊዜ ያሳጥራታል» አሉ። እኛ ከ64 ነጥቦች በቀር ያየነው ነገር አልነበረም፤ እርሳቸው ግን የልጃቸውን እጅ ጽሕፈት አዩ።

አሥሩ ክፍሎች ተራ በተራ ተከፈቱ። ዘጠነኛው ግን ሦስት ጊዜ ቢሞከር ካሴቱ ሊነበብ አለመቻሉን የሚገልጽ መልእክት ብቻ አወጣ፤ የላፕቶፑም ቅጂ እዚያው ላይ ይቋረጣል። ጀ፣ ገና ጠ ጠፉ ብለን ስናዝን፣ የወንድማችን ልጅ ደብተሩን ገልጣ እነዚያን ሃያ አንድ ፊደሎች ነጥብ በነጥብ ተሥለው አገኘቻቸው። ለአንድ ፊደል 8 ቍጥር፣ በጠቅላላው 168 ቍጥር በላስቲኩ ቁልፍ አስገብታ ክፍሉን አሟላችው። አባቷ የጀመረውን ልጅ ፈጸመችው ማለት ነው። ወረቀቱ ሞዱሌተርም፣ መቀየሪያም፣ ቻናል 36ም አላስፈለገውም፤ ዐይን ብቻ በቃው።

ከዚህ የተነሣ ለመሥሪያ ቤቶቻችንና ለትምህርት ቤቶቻችን አንድ ቃል ለማለት እንደፍራለን። በየግምጃ ቤቱ የተቀመጡ የድምፅ ቴፖች፣ ዲስኬቶችና ማይክሮፊልሞች ሳይበላሹ አንባቢ ብቻ ያጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ዕቃ ሲወገድ ዕቃው ብቻ አይወገድም፤ በእርሱ ብቻ የሚነበበው ሁሉ አብሮ ይወገዳል። ስለዚህ አሮጌ መሣሪያ ከመጣሉ በፊት በውስጡ ያለው ይቀዳ፤ መሣሪያው ሲቀመጥ ገመዱ፣ የኃይል ማቀበያውና መመሪያው ከእርሱ አይለዩ፤ ምን ያህል ቮልት እንደሚፈልግ፣ ምን ዐይነት ሥዕል እንደሚያወጣ በወረቀት ተጽፎ በላዩ ይለጠፍ። ከሁሉም በላይ አሠራሩን የሚያውቁ አረጋውያን ባለሙያዎች በሕይወት ሳሉ ወጣቶች አጠገባቸው ይቀመጡ። የላከልን ዘመዳችን ሌላ መቀየሪያ ገዝቶ ሊልክ ይችላል፤ ከሁለቱ ሽቦዎች ሥዕል የሚሸከመው የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቅን ሰው ግን ከየትም ገዝቶ መላክ አይቻልም።

አዲሱ ቴሌቪዥን ክፉ አይደለም፤ አሮጌውም ኮምፒዩተር የሚናቅ አይደለም። ሁለቱን ያለያያቸው ግማሽ መሥመር ናት። በሰውና በሰው፣ በትውልድና በትውልድ መካከል ያለውም ዝምታ ብዙ ጊዜ ከዚህ የሰፋ አይደለም፤ የሚናገረውን ሰው እንደሚናገረው አድርጎ የሚቈጥርለት ትዕግሥተኛ ሰሚ ካገኘ፣ አርባ ዓመት የቆየ ቃል እንኳ ሳይደበዝዝ ይሰማል።